ሲጫኑት የሚከፈት መንገድ

የመሐል ሜዳን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ትቶ፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ወደ መንዝ የሚዘልቅ መንገደኛ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን ነፋስ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል። ባለፈው ታኅሣሥ ወደዚያ የወጣሁት አገር ለማየት አልነበረም። ለሽምግልና ተጠርቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በእነዚህ ዓመታት ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ አይስተውም፤ የ2015 ዓ.ም. ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ አራት እንኳ አልሞላም ነበር። ልጁ ከጥቂቶቹ አንዱ ስለሆነ በቤታችን እልል ተብሏል። እልልታው የቆመው ልጁ የትምህርት ክፍል የሚመርጥበት ጊዜ ደርሶ «ፊዚክስ ነው የምማረው» ያለ ዕለት ነው። እናቱ አለቀሰች። ጎረቤት መከረ። በመጨረሻ «መጽሔት ላይ የሚጽፈው አጎቱ መጥቶ ይምከረው» ተብሎ መልእክት ተላከብኝ።

ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። ታላቅ አጎቴም መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከመንዝ በግ ጠጉር ባናና በርኖስ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጁ በስልኩ ያነበበውን ነገር ያስረዳን ጀመር። እንደ ንብርብር የተደራረቡ፣ ከካርቦን የተሠሩ ክሪስታሎች አሉ፤ በጣም ሲያቀዘቅዟቸውና ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት ያሳልፋሉ፤ ማግኔት ሲያቀርቡላቸው ደግሞ ጠባያቸው ይለወጣል አለን። አጎቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡትና ወደ እኔ ዘወር ብለው «እሺ፣ አንተ ተምረሃል። ይህ ለመንዝ ሰው ምኑ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚህ በታች የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ በወራት ንባብ ያገኘሁት መልስ ነው።

የብርዱ ታሪክ

ታሪኩ የሚጀምረው እንደ መሐል ሜዳ በብርድ ነው። ብርዱ ግን የኛን ውርጭ ምድጃ ያስመስለዋል። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ በ1908 እ.ኤ.አ. ሂሊየም የተባለውን ጋዝ ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። ይህም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ገደማ መውረድ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1903 ዓ.ም.፣ በዚያ ብርድ ውስጥ የሜርኩሪን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሲለካ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት እየደጋገመ ለካ። አልተበላሸም። ዓለም ልዕለ አስተላላፊ ወይም ሱፐርኮንዳክተር የተባለውን ነገር ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ሰሞን በኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ ታመው በአልጋ ላይ ነበሩ፤ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም በዚያው ሰሞን አረፉ። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ፣ ከነጋሢ ክርስቶስ ነውና መሐል ሜዳ ዙሪያ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ ዙፋኑ ሳይሆን አይቀርም። የላይደንን ነገር የሰማ አልነበረም። ቢሰማስ ማን ምን ይለው ነበር?

የነገሩ ምስጢር እስኪፈታ 46 ዓመት ፈጀ። በተራ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ለየብቻቸው ይሮጣሉ፣ ከአተሞቹ ንቅናቄ ጋር ይጋጫሉ፣ ጉልበታቸውን በሙቀት ይከስራሉ። በ1957 እ.ኤ.አ. ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉ አሜሪካውያን በልዕለ አስተላላፊው ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ጥንዶቹም በአንድነት እንደሚሄዱ አሳዩ። አንዱን ከመንገዱ ለማስወጣት ሁሉንም ማስወጣት ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ያገራችንን አባባል ሦስቱ ፈረንጆች በሒሳብ ጻፉት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከከሰልና ከስኳር ወገን

እስከዚያ ድረስ ልዕለ አስተላላፊ የሚባሉት ሁሉ ብረታ ብረቶች ነበሩ። ኦርጋኒክ የምንለው በካርቦን ላይ የታነጸው ወገን፣ ማለትም የስኳሩ፣ የሰሙ፣ የፕላስቲኩ ዘር፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ተብሎ የተተወ ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ የሚለበሰውም ለዚሁ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የስታንፎርዱ ዊሊያም ሊትል ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን በሰንሰለት ብናቀናጃቸው ልዕለ አስተላላፊ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምናልባትም ያለ ምንም ብርድ፣ ሲል ጻፈ። ብዙዎች አላመኑትም። ጥቂቶች ግን ፍለጋ ጀመሩ።

በ1973 እ.ኤ.አ. እንደ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ኦርጋኒክ ክሪስታል ተገኘ። ደስታው ግን አልዘለቀም። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ አስተላላፊነቱ እየጨመረ ሄዶ፣ ከዜሮ በታች 219 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሁሉ ነገር ቆመ፤ አሳላፊው ጨርሶ የማያሳልፍ ሆነ።

ምክንያቱን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከደጋው ወደ ቆላ የሚወርደውን የገደል መንገድ አስቡ፤ አንድ በቅሎ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። አንዷ በቅሎ እምቢ ብላ ከቆመች ከኋላ ያለው ነጋዴ ሁሉ ይቆማል፤ ዞሮ የሚያልፍበት የለም። በዚያ ክሪስታል ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን መንገድም እንዲሁ ነበር። ሞለኪውሎቹ በሰንሰለት ተደርድረው ኤሌክትሮኖቹ በሰንሰለቱ ብቻ ይሄዳሉ። ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቱ ራሱ ይሸበሸብና መንገዱ ይዘጋል። በአጎቴ ቋንቋ ለመናገር፣ ድር ብቻ ነበር፤ ማግ አልነበረውም።

ጫና

ማጉን ያስገባው ጫና ነው። ነገርን በከፍተኛ ግፊት ሥር አድርጎ ጠባዩን የማጥናት ሥራ የሃርቫርዱ ፐርሲ ብሪጅማን ያስፋፋው ሙያ ነበር፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በኮፐንሃገን ክላውስ ቤክጎር የተባለ ኬሚስት ሴሊኒየም ያለበት ኦርጋኒክ ሞለኪውል ወስዶ እንደ መርፌ የቀጠኑ ክሪስታሎች ያሳድግ ነበር። ክሪስታሎቹ የሚያድጉት በፈሳሽ ውስጥ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ እየሄደባቸው፣ በቀናትና በሳምንታት ነው። ኬሚስቶች ዛሬም የቤክጎር ጨው ይሏቸዋል። መርፌዎቹን ፈረንሳይ፣ ኦርሴ ወዳለው የዴኒ ዤሮም ላቦራቶሪ ላከ።

ጨው ያለ ጫና ሲቀዘቅዝ እንደ ቀደመው ወንድሙ መንገዱን ይዘጋ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን የኦርሴ ሰዎች በወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ አድርገው ወደ 12,000 ከባቢ አየር በሚሆን ግፊት ጫኑት። ሰንሰለቶቹ ወደ ጎን ተጠጋጉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው መሻገሪያ አገኙ። ከፍጹም ዜሮ በላይ 0.9 ዲግሪ ላይ ተቃውሞው ጠፋ። ከካርቦን ወገን የመጀመሪያው ልዕለ አስተላላፊ ተወለደ። ወሬው በ1980 እ.ኤ.አ. ታተመ።

12,000 ከባቢ አየር ምን ያህል ነው? የመሐል ሜዳ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው፤ ባቄላው ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። በኛ አየር ሲሰፈር ግፊቱ ወደ 17,000 እጥፍ ይጠጋል። አጎቴ ማጉን አስገብተው ሲመቱት ክሩ ከክሩ ተጠግቶ ባናው ነፋስ የማያስገባ ይሆናል። የኦርሴ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የመቱት ግን ሞለኪውልን ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ። የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ1984 እ.ኤ.አ. ቼርኖጎሎቭካ በተባለ የምርምር ከተማ፣ ጃፓኖች በ1988፣ አሜሪካውያን በ1990 ድኝ ካለበት ሌላ ሞለኪውል አዳዲስ ክሪስታሎች ሠሩ። እነዚህ እንደ ሰንሰለት ሳይሆን እንደ ንብርብር የተሠሩ ናቸው። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ፤ ግን በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል ስስ ወረቀት አለ። ኤሌክትሮኖቹ በእንጀራው ገጽ ላይ እንደ ልብ ይሮጣሉ፤ ወረቀቱን አልፎ ወደ ሌላው እንጀራ መሻገር ግን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች እጥፍ ይከብዳቸዋል። ልዕለ አስተላላፊነቱም ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ድረስ ወጣ።

ከነዚህ አንዱ በተለይ ያስደንቃል። ክሎሪን ያለበት ዓይነት ያለ ጫና ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ እያንዳንዳቸው በየሞለኪውላቸው ደጃፍ ቆመው ይቀራሉ፤ ማንም አይንቀሳቀስም። ወደ 300 ከባቢ አየር ብቻ ሲጫኑት ግን ቤቶቹ ይቀራረቡና ሁሉም ይነቃነቃል፤ በ13 ዲግሪ ገደማ ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል። አንድ ክሪስታል፣ አንድ ሞለኪውል፣ በትንሽ ጫና ከዘጊነት ወደ ፍጹም አሳላፊነት ይዞራል።

እዚህ ላይ ብዕሬን ልግታ። ጫና ሰውንም ያነቃል የሚል ስብከት ሊወጣኝ ነበርና። ክሪስታሉ ራሱ ይህን ስብከት አይደግፍም። ጫናው ከልኩ ሲያልፍ ልዕለ አስተላላፊነቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ጨርሶም ይጠፋል። ሁሉም ነገር የሚሸከመው ልክ አለው።

ማግኔት

ጫናው መንገዱን ሲከፍት፣ ማግኔቱ መንገዱን ያሳያል። በ1988 እ.ኤ.አ. ቼርኖጎሎቭካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ክሪስታል በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ አድርገው ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ተቃውሞው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል አዩ። በዓመቱ ጃፓናዊው ያማጂ ምክንያቱን አስረዳ። ከማዕዘኖቹ ተነሥቶ ኤሌክትሮኖቹ በንብርብሩ ላይ የሚሄዱበትን መንገድ ቅርጽ መሳል ይቻላል። ማንም በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን አገር ካርታ በማግኔት አነሡት።

ማግኔት ለልዕለ አስተላላፊ ግን ጠላት ነው። ጥንዶቹን ይበትናል። ስለዚህ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጂ የተባለ ጃፓናዊና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ዜና የባለሙያን ጆሮ ያቆመ ነበር። ብረት ያለበት አንድ ንብርብር ክሪስታል ያለ ማግኔት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ከ17 ቴስላ በላይ በሆነ ማግኔት ውስጥ ሲያስገቡት ግን ልዕለ አስተላላፊ ሆነ። ምክንያቱ የውስጥና የውጭ ትግል ነው። የብረት አተሞቹ ከውስጥ ኤሌክትሮኖቹን ወደ አንድ ወገን ይጎትታሉ፤ የውጭው ማግኔት ወደ ሌላው ወገን ይጎትታል። ሁለቱ እኩል ሲጓተቱ መሐል ላይ ሰላም ይሆንና ጥንዶቹ ይገናኛሉ። አንድ ግዴታ ግን አለ፤ የማግኔቱ መስመር ከንብርብሩ ጋር ተኝቶ መሄድ አለበት። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሁሉም ይፈርሳል።

«ተኝቶ» የሚለውን ቃል ሳነብ ነው ያገራችን ታሪክ ትዝ ያለኝ። ምድር ራሷ ማግኔት ናት። በሰሜን አውሮፓ ማግኔታዊው መስመር ወደ መሬት ዘልቆ ይገባል፤ ነጻ የተንጠለጠለ መርፌ አፍንጫውን ደፍቶ ይቆማል። በኛ አገር ግን መስመሩ ተኝቶ ያልፋል፤ የምድር ማግኔታዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ይሄዳልና። ኃይሉ ትንሽ ነው። የኡጂ ማግኔት ከርሱ በግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን እንዲህ ተኝቶ መገኘቱ ነው በ1957 እ.ኤ.አ. ፒየር ጉዋን የተባሉትን ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ አራት ኪሎ፣ የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ያደረጋቸው። ዓመቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ የታወጀበት ነበር፤ ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ የሆነ ጣቢያ ይፈለግ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ የመንዝ ሰው አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ «አባ፣ የማግኔት መርፌ መተኛቱን መለካት ለኛ ምናችን ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ምን ይመልሱለት ነበር? ምናልባት እንደ እኔ ዝም ይሉ ነበር። መልሱ የመጣው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ለማግኔት ተብሎ የተቋቋመው ጣቢያ የመሬት መንቀጥቀጥም መከታተል ጀመረ። በ1953 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከመንዝ አፋፍ ሥር፣ በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ተናወጠች፤ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። ጉዋን ያን መንቀጥቀጥ አጠኑት፤ በኋላም በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከዘመናት ጽሑፎች ጭምር አሰባስበው በመጽሐፍ አወጡ። ዛሬ በዚህ አገር ሕንፃ ሲሠራ ምድሪቱ ምን ያህል ልትናወጥ ትችላለች ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ ጥያቄውን የሚጀምረው ከዚያ ዓይነት መዝገብ ነው።

በራሳችን ደጅ

ልጁ «እኛ አገር ፊዚክስ የተማረ የት ይደርሳል?» ብላ እናቱ ስትጠይቀው መልስ አጥቶ ነበር። ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ።

ሙሉጌታ በቀለ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታሰሩ፤ በእስር ቤትም አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ሕንድ፣ ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ተመልሰውም ወጣቶችን አሠለጠኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሳካሮቭ ስም የተሰየመውን የሰብአዊ መብት ሽልማት ሰጣቸው። ከላይ ስለ ጫና ያልኩትን እዚህም አልረሳሁትም፤ እስር ቤቱ አልጠቀማቸውም። ፊዚክሱ ግን እዚያም አልተለያቸውም።

ሁለተኛው ለኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። በ1977 እ.ኤ.አ. ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር ፕላስቲክን ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ይህ የኦርጋኒክ ልዕለ አስተላላፊዎቹ የቅርብ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ተከተል ዮሐንስ፣ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ በዚህ ዘርፍ ሠርተዋል፤ ከስዊድኖቹ የሊንሾፒንግና የሻልመርስ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች ጋር ሆነው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ፖሊመሮች ላይ ያገኙትን በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመዋል። ስለዚህ ኦርጋኒክ ነገር ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ማየት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አራት ኪሎም ተሠርቶበታል።

የራሴንም ልናገር። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፊዚክስ እወድ ነበር። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ነበረው፤ በሩ ግን ተቆልፎ ነበር። መምህራችን ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው «ይህ ሲሆን እንዲህ ይሆናል» ይሉን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በመስኮቱ መስታወት አቧራ የጠጡ ዕቃዎችን አይቼ ወጣሁ። በኋላ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያዝኩ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ሆኖም ያ መስኮት አልወጣልኝም። ልጁን «ተው፣ እንጀራ አያበላም» ልለው አፌን ስከፍት የታየኝ ያ መስኮት ነበር።

ተመልሼ ስሄድ

ለፋሲካ ወደ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። ስለ ሂሊየሙም፣ ስለ ቤክጎር ጨውም፣ ስለ እንጀራው ንብርብርም ለአጎቴ ነገርኳቸው። ድርና ማጉን ወደዱት፤ «ሰው ሁሉ ሸማኔ ነው በለኛ» ብለው ሣቁ። ስለ ማጀቴ ስነግራቸው ግን ሣቃቸው ቆመ።

«ልጅ ነበርኩ» አሉ። «ሌሊት ነው። በጎቹ ጮኹ፣ ከዚያ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ተሸክማኝ ወጣች። ጧት ላይ ማጀቴ አለቀ የሚል ወሬ መጣ።» ጥቂት ዝም ብለው «ይህን የጻፈ ሰው አለ ነው የምትለኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አለ፤ ተጽፏል።»

«የት ሆኖ?»

«አራት ኪሎ ሆኖ። የማግኔት መርፌ ሊለካ የመጣ ሰው ነው።»

አጎቴ እሳቱን ቆሰቆሱት። ስለ ልጁ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ እህቴ ዞረው «ተይው፣ ይማር» አሏት።

እህቴ እስከ ዛሬ አላመነችበትም። ሥራ ከየት ይመጣል ትላለች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፣ እኔም መልሱን አልያዝኩም። ልጁ ግን ቅጹን በፊዚክስ ሞልቶ ሊሄድ ሲነሣ፣ አጎቴ የሸመኑትን አዲስ ባና አጣጥፋ ሻንጣው ላይ አሰረችለት። «እማዬ፣ ከባድ ነው፣ እዚያ እኮ አይበርድም» ቢላት አልሰማችውም።

«ከዜሮ በታች 269 ነው ስትሉ ሰምቻለሁ» አለችው።